ፌስታል በብር፦ ከቱሉ ዲምቱ ሸማቾች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ የአዲስ አበባ ዳር ላይ ገበያ ማለት ከብሎኩ ስር ያለው ሱቅ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ጉልት፣ የእሁድ ገበያና አንድ ሁለት ሱፐርማርኬት ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ እሰማለሁ። ዕቃው ተመዝኖ፣ ሂሳቡ ተነግሮ ካለቀ በኋላ "መያዣ የለህም እንዴ?" ሲባል "የለም" ይላል ገዢው። "እንግዲያው ይከፈላል።" ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሰልፉ ይቆማል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አንዳንዱ ዕቃውን ጥሎ ይወጣል።

ከጎረቤቶቼ፣ ከባለሱቆችና አብረውኝ ከተሰለፉ ሰዎች የሰማኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልስ ጽፌላቸዋለሁ። አስተያየቴንም አልደበቅሁም።

እስከ ዛሬ በነጻ ይሰጡን አልነበር? አሁን ምን ተገኘ?

በነጻ አልነበረም። ባለሱቁ ፌስታሉን በእሽግ ገዝቶ ነው የሚያመጣው። ያወጣውን ብር ከስኳሩም ከሳሙናውም ላይ ትንሽ ትንሽ አድርጎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ዘንቢል አንጠልጥለው የሚመጡ እናትም፣ ለሁለት ኪሎ ድንች ሦስት ፌስታል የሚያስደርብ ጎረምሳም እኩል ሲከፍሉ ኖረዋል። አሁን ዋጋው ከተደበቀበት ወጥቶ ለብቻው ታየ።

አንዲት ጎረቤቴ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። "መያዣውን ለብቻ ካስከፈሉኝ፣ ስኳሩ ላይ የጨመሩት ለምን አይቀነስም?" እውነቷን ነው። እኛ ሰፈር ቀነስኩ ያለ ሱቅ አላየሁም።

ሕጉ ምን ይላል?

አገራችን ስለ ፌስታል ሕግ ያወጣችው ዛሬ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ፈቃድ ከልክሎ ነበር። ያ ስስ፣ ቲማቲሙ ገና ደረጃ ላይ ሳለ የሚበተንበት ፌስታል ማለት ነው። አዋጁ ወጣ፣ ፌስታሉም በየሱቁ እንደተሰቀለ ቀረ።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጸደቀ። ይኼኛው ጠበቅ ያለ ነው። አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል። ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።

ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። "ከፍዬ ነው የወሰድኩት" ማለት አያድንም። የተከለከለውን ፌስታል በ5 ብር መሸጥም በነጻ መስጠትም በሕጉ ፊት አንድ ነው። ሱቅ ማስከፈል ያለበት በፌስታል ፋንታ ለሚያቀርበው፣ ተደጋግሞ ለሚያዝ ቦርሳ ነው። ከጠረጴዛ ስር ፌስታል እያወጣ "አሁን በብር ሆኗል" የሚል ባለሱቅ ካጋጠማችሁ፣ ነገሩ ከአዋጁ ጋር አይገናኝም።

ታዲያ የሚሸጡልኝ "የጨርቅ" ቦርሳ ምንድነው?

ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ድርና ማግ የለውም። በሙቀት ተጨፍልቆ የተያያዘ ነው። ረድፍ ይዘው የታተሙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ይህ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ። ደጋግማችሁ ከያዛችሁት ጥሩ ነገር ነው። እንደ ፌስታል አንዴ ይዛችሁ ከጣላችሁት ግን ከፌስታሉ የበለጠ ፕላስቲክ ነው የጣላችሁት።

ከመግዛታችሁ በፊት ጆሮውን ሳብ አድርጉት። በክር የተሰፋ ከሆነ ይቆያል። በሙቀት ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ድንችና ሽንኩርት አይችልም።

ሳይነግሩኝ ሂሳቡ ላይ ቢጨምሩብኝስ?

ሰውን የሚያናድደው ይሄኛው ነው። እኔም ደርሶብኛል።

ክረምት ነበር። ከሥራ ስመለስ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ዘይት፣ ፓስታና የልብስ ሳሙና ያዝኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃውን በሁለት ቦርሳ ከታ ሰጠችኝ። ምንም አላለችኝም። እኔም ዝናቡን እያየሁ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ደረሰኙን ስገልጠው ከፓስታው ቀጥሎ "ቦርሳ 2" ይላል። ብሩ ብዙ አልነበረም። የከነከነኝ ሌላ ነው። የራሴ ቦርሳ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ነበር። "መያዣ አለህ?" ብላ ብትጠይቀኝ አውጥቼ እሰጣት ነበር። እሷም ቦርሳ አታባክንም፣ እኔም አልናደድም ነበር።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ደረሰኝም እንዲሰጥ። ቦርሳ የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ቦርሳም ዋጋው መለጠፍ አለበት። ስለዚህ ገና ሰልፉ ላይ ሳላችሁ "ቦርሳ አልፈልግም" በሉ። ሳይነግሯችሁ ከገባ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ደረሰኙን አንብቡና ያልተጠቀማችሁበትን መልሱ። ገንዘብ ተቀባይዋ ላይ ግን አትጩኹ። እሷ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ኃላፊውን ጥሩ።

በትክክል የሚሠራ ሱቅም አለ። ከእኛ ብሎክ ስር ያለው ባለሱቅ የብስኩት ካርቶን ቆርጦ፣ በማርከር ጽፎ መዝኛው አጠገብ ሰቅሏል። "ቦርሳ ትንሹ 10 ብር፣ ትልቁ 20 ብር። ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።" በቃ። እዚያ ሱቅ በር ላይ ስለ መያዣ ሲጨቃጨቅ ያየሁት ሰው የለም።

ለመሆኑ ሸማቹ ምን ይላል?

የተቃወመ ሁሉ ለአካባቢው ግድ የለውም ማለት ስህተት ነው። ቀርቦ ለሰማ ሰው ቅሬታው ብዙ ዓይነት ነው።

በዕድሜ የገፉት እናቶች እምብዛም አይቸገሩም። አንዲት እማማ ጉልት ላይ ሽንኩርት እየመረጡ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ድሮ ፌስታል የሚባል መቼ ነበረ? በዘንቢል ገዝተን፣ በአገልግል ስንቅ ቋጥረን ነው ያደግነው።" ዘንቢላቸው ከማዳበሪያ የተሰፋ ነው፤ ጆሮው ሁለቴ ተጠግኗል።

ቃሊቲ ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤቴ ግን ሌላ ችግር አለበት። "ጠዋት 12 ሰዓት ስወጣ ማታ ምን እንደምገዛ በምን አውቃለሁ?" ይላል። መንገድ ላይ ባለቤቱ ትደውላለች፤ ዳቦ ጨምር፣ ቲማቲም ጨምር። ከአውቶቡስ ሲወርድ እጁ ባዶ ነው። ለእሱ ክፍያው የመርሳት ሳይሆን ያለማወቅ ቅጣት ነው የሚመስለው። አልፈርድበትም።

መኪና ያለው ደግሞ "10 ብር ምን አላት" ብሎ ይከፍላል። በየሳምንቱ አዲስ ይገዛል። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሃያ ቦርሳ ተከምሯል፤ አንዱንም ይዞ ሲገባ አይታይም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ክፍያው ምንም አልሠራም።

ከሁሉ በላይ ጆሮዬ ላይ የቀረው አንድ ጋሼ የተናገሩት ነው። ጡረተኛ ናቸው። "ደንበኝነቴ የት ገባ?" አሉ። ነገሩን ሳስበው ገባኝ። በእኛ ገበያ ምርቃት የሚባል ነገር አለ። ኪሎው ከሞላ በኋላ ሻጯ አንድ ሁለት ፍሬ ትጨምራለች። ካልጨመረች "ምርቃቱስ?" ብለን እንጠይቃለን። ፌስታሉም ከምርቃቱ ጋር ነበር የሚቆጠረው። ማንም እንደ ዕቃ አላየውም፤ "ስለመጣህ አመሰግናለሁ" ማለት ነበር። እሱ በብር ሲሆን ሰውየው የተቀነሰባቸው 10 ብር ሳይሆን ክብር ነው የመሰላቸው። ይህን ያልተረዳ ነጋዴ ዋጋ ስለለጠፈ ብቻ ሰላም አያገኝም። እኔ የማውቃት አንዲት የጉልት ሻጭ ግን መላ አግኝታለች። መያዣ ይዞ ለመጣ ደንበኛ ምርቃቱን ከፍ ታደርጋለች። አንድ ጭራ ጎመን፣ ወይ ሁለት ቃሪያ። ሰው ዘንቢሉን ማስታወስ ጀመረ።

ባለሱቆቹም የራሳቸው ብሶት አላቸው። "ካስከፈልኩ ደንበኛ ይሰድበኛል፤ ፌስታል ከሰጠሁ ደንብ አስከባሪ ይመጣብኛል" አለኝ አንዱ። ማዶ ያለው ሱቅ በድብቅ ፌስታል እየሰጠ የእሱን ገበያ እንደሚወስድበትም ይናገራል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ካልሠራ፣ ሕግ ያከበረው ነው የሚከስረው።

5 እና 10 ብር ምን ለውጥ ያመጣል?

ሌላ አገር ያመጣውን እናውቃለን። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ፌስታል ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ጣለች። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 328 ፌስታል ይጠቀም እንደነበር ተገምቶ ነበር። ወደ 21 ወረደ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ማንሰራራት ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ2007 ክፍያውን ወደ 22 ሳንቲም ከፍ አደረጉት። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2015 በትልልቅ ሱቆች 5 ፔንስ ማስከፈል ጀመረች። በ2021 ወደ 10 ፔንስ አሳድጋ ለሁሉም ሱቅ አደረገችው። በትልልቆቹ ሱቆች የሚሸጠው ፌስታል ከ95 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ደቡብ አፍሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምራ መጀመሪያ ላይ ፍጆታው በአንዴ ወረደ፤ ቆይቶ መልሶ ወጣ። ክፍያው ትንሽ ስለነበር ሰው ለመደው።

ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። ብሩ ራሱ ያን ያህል ኃይል የለውም። ኃይል ያለው ጥያቄው ነው። "ቦርሳ ይፈልጋሉ?" ሲባል ሰው ለአፍታ ቆም ብሎ ያስባል። አንድ ሳሙናና አንድ ፓኬት ሻይ ከሆነ "አይ፣ በእጄ እይዘዋለሁ" ይላል። ዝም ተብሎ ሂሳብ ላይ ሲጨመር ግን ማንም አያስብም። ብሩ ይወሰዳል፣ ቦርሳውም ይወሰዳል። ዋጋውን ሳይናገር የሚያስከፍል ሱቅ ገበያተኛውንም በደለ፣ ዓላማውንም ገደለ የምለው ለዚህ ነው።

ጎረቤቶቻችንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ደግሞ ከናካቴው ወደ መከልከል ነው የሄዱት። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019። ኬንያ ውስጥ ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እስራት ይደርሳል።

ለድሃው ጫና አይሆንም?

ይሆናል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልፈልግም።

መኪና ያለው ሰው በሳምንት አንዴ ወጥቶ ሁሉንም ገዝቶ ይገባል። ሁለት ሦስት ቦርሳ ይበቃዋል። የቀን ሥራ የሚሠራው ግን ገንዘብ በእጁ የሚገባው ማታ ማታ ነው። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ የ20 ብር በርበሬ፣ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ዘይት ይገዛል። ነገም እንደዚያው። ክፍያው በዕቃው ብዛት ሳይሆን በምልልሱ ልክ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ የሚገዛው ከሀብታሙ የበለጠ መያዣ ይከፍላል።

አንድ ማታ ሱቅ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ልጅ፣ ምናልባት ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ብር ጨብጦ መጣ። "የሽሮ፣ የስኳር" አለ። ባለሱቁ መዘነና "መያዣ?" አለው። ልጁ ብሩን ገልጦ አየ። ልክ ነው የተሰጠው፤ አንድ ብር ትርፍ የለውም። ቀና ብሎ አየንና የሹራቡን ጫፍ ዘርግቶ "እዚህ ላይ አድርግልኝ" አለ። ባለሱቁ ዝም ብሎ አሮጌ ደብተር ቀደደ፣ ጥቅልል አድርጎ ሽሮውን ቋጠረለት፣ ስኳሩንም በሌላ። ያቺ የወረቀት ጥቅልል ድሮ በየሱቁ ነበረች። ቅመምም ስኳርም በእሷ ነበር የሚሸጠው።

እንግሊዝ ስታስከፍል ላልተሸፈነ ምግብና ለጥሬ ሥጋ የሚሰጠውን ከረጢት ከክፍያው ነጻ አድርጋለች። እኛም ልዩነቱን ማወቅ አለብን። ዕቃ ማንጠልጠያውና የተመዘነ ሽሮ መቋጠሪያው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ከቤት ማምጣት ይቻላል። ለሁለተኛው ባለሱቁ ነው መላ መፈለግ ያለበት። ድሃው ደግሞ ጠርሙስ ይዞ ዘይት መግዛት ይችላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ያንን የሚቀበል፣ የጠርሙሱን ክብደት አስቀድሞ መዝኖ የሚቀንስ ባለሱቅ ያስፈልጋል።

እንጀራ፣ ዳቦና ሥጋስ በምን ልያዝ?

ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል። ላቡ ተመልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠብና በማግስቱ ይሻግታል። ንጹሕ ጨርቅ ዘርግታችሁ በሰፌድ ወይም በትሪ መያዝ ይሻላል። ለዳቦም ንጹሕ ፎጣ ይበቃል። ለሥጋ ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ ወይም ድስት ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ምግብ አትጨምሩ። ብዙውን ጊዜ ከተፈጨ አሮጌ ፕላስቲክ ነው የሚሠራው፤ ቀድሞ ምን እንደነበረበት አይታወቅም።

ቦርሳ ይዤ ስገባ ጥበቃው ያስቆመኛል። ምን ላድርግ?

አንዳንድ ሱፐርማርኬት በአንድ በኩል ቦርሳ ይሸጣል፣ በሌላ በኩል ቦርሳ ይዞ መግባት ይከለክላል። ይህ አያስኬድም። ባዶ ቦርሳችሁን አጥፋችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡና ለጥበቃው ዘርግታችሁ አሳዩት። ሲወጡ ደረሰኝ ማሳየትም ነውር የለውም። እምቢ ካለ ኃላፊውን አነጋግሩ። "ቦርሳ ይዛችሁ ኑ" የሚል ሱቅ ቦርሳ ይዞ የመጣን ሰው በር ላይ ማንገላታት የለበትም።

የምንከፍለው ብር የት ይገባል?

አየርላንድ ውስጥ ለአካባቢ ጥበቃ ወደተቋቋመ የመንግሥት ፈንድ ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ ግብር አይደለም። ሱቁ ጋ ይቀራል፤ ለበጎ ሥራ እንዲያውለው ይጠበቃል። እኛ ሰፈር የማየው ግን ባለሱቁ ቦርሳውን ገዝቶ፣ አትርፎ መሸጡን ነው። እንደማንኛውም ዕቃ ማለት ነው። ማትረፉ ኃጢአት አይደለም። "ለአካባቢ ጥበቃ ነው" ብሎ ካስከፈለ ግን ለአካባቢ ምን እንዳደረገበት የመጠየቅ መብት አለን። ከሱቁ ፊት ያለውን ቦይ ቢያስጠርግ እንኳ አንድ ነገር ነው።

ወረቀት ወይም ጨርቅ በእርግጥ ከፌስታል ይሻላል?

እንደ አያያዛችን ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት አለ። የአየር ንብረትን ከማሞቅ አንጻር፣ አንዴ ተይዞ ከሚጣል ስስ ፌስታል ጋር ለመስተካከል የወረቀት ከረጢት 3 ጊዜ፣ ያ የፖሊፕሮፒሊን ቦርሳ 11 ጊዜ፣ የጥጥ ቦርሳ ደግሞ 131 ጊዜ መያዝ አለበት ይላል። ጥጥ ለማብቀልና ለመፈተል ብዙ ውኃና ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው። ስለዚህ አዲስ የጥጥ ቦርሳ ለመግዛት አትሩጡ። ቤት ያለውን አሮጌ ቦርሳ፣ የልጆቹን ያረጀ የደብተር ቦርሳ፣ ማዳበሪያውንም ቢሆን ያዙ። ወረቀቱ እንደሆነ የኛን ክረምት አይችልም። ከሱቅ እስከ ብሎክ ድረስ ሳይቀደድ ከደረሰ ዕድለኛ ናችሁ።

አንድ ፌስታል ይህን ያህል ምን ጉዳት አለው?

ዝናብ ሲዘንብ ቦዩን እዩት። አፉን የሚደፍነው ፌስታል ነው። ውኃው ሄዶ ሄዶ ምድር ቤት ያሉ ሱቆች ውስጥ ይገባል። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን የከለከለችው በጎርፍ ጊዜ ቦዮቿን እየደፈነ ስላስቸገራት ነው። ከእኛ አካባቢ የሚወርደው ደግሞ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በአቃቂ ወንዝ ውኃ የበቀለውን ጎመን ነው ተመልሰን የምንገዛው።

እኔን ግን ፌስታል ለመተው ያስወሰነኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ፋሲካ በጉን ከኮዬ ፈጬ በኩል ነበር የገዛነው። እዚያ በጎችና ላሞች በኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ነው የሚግጡት። በጉ ሲታይ ጥሩ ነበር፤ ሆዱ ሞላ ብሏል፣ ሰብቷል ብለን ነበር። ታረደ። ባለቤቴ ለዱለት ጨጓራውን ልታጥብ ገልብጣ ስትከፍተው ዝም አለች። ከዚያ ጠራችኝ። ሣሩ መሃል ጡጫ የሚያህል ነገር አለ። አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ እርስ በርሱ የተቋጠረ። በውኃ ስትፈታው ሰማያዊ ፌስታል ወጣ። ከሰማያዊው ውስጥ ነጭ። ከነጩ ጫፍ ላይ የሰው እጅ የቋጠረው ቋጠሮ እንደታሰረ ነበር። ልጆቹ ከበው ያዩ ነበር። ትንሿ "በጉ ርቦት ነው?" አለች።

ርቦት ሊሆን ይችላል። ምግብ ቋጥረን የጣልነው ፌስታል የጨውና የምግብ ሽታ አለው። ከብት ደግሞ ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው በምላሱም በከንፈሩም ሰብስቦ ነው የሚውጠው፤ እየለየ አይደለም። ፌስታሉ ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፣ ወደ ታችም አያልፍም። ሆዱ የሞላ ይመስላል፣ ከብቱ ግን ይከሳል። ዙሪያችን ያሉት ገበሬዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል።

ቤት የተከማቸውን ፌስታል ምን ላድርገው?

ከኩሽና በር ኋላ የተሰቀለውን፣ ፌስታል የታጨቀበትን ፌስታል ማለታችሁ ነው። ሁላችንም ቤት አለ። አትጣሉት፤ እስኪያልቅ ለቆሻሻ መቋጠሪያ ተጠቀሙበት። ያ ፌስታል ካለቀ በኋላ ለቆሻሻው ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃል። አታቃጥሉት፤ ጭሱ መጥፎ ነው፣ የሚገባውም በጎረቤት መስኮት ነው። ቁራሌው ሃይላንዱን ደስ ብሎት ይወስዳል፣ ፌስታል ግን አይነካም፤ ክብደት ስለሌለው አያዋጣውም። በየቤቱ ለሚመጡት የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ልጆች ቋጥራችሁ ስጡ። ክፍያውን ከውኃ ሂሳብ ጋር እየከፈላችሁ ነው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ነገሩ አይጠፋም። ረጲ፣ ቆሼ የምንለው ቦታ፣ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው የከተማው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ እዚያው ጥግ ላይ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ።

ዘንቢል ከየት ላግኝ?

የእሁድ ገበያ ላይ ይሸጣል። ከሰሌን የተሠራው ቀለል ይላል፤ ለአትክልት ጥሩ ነው፣ ውኃ ግን አይወድም። ከማዳበሪያ የተሰፋው ዘይትም ድንችም ይችላል፣ ይታጠባልም። ማዳበሪያው ቤት ካለ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ይሰፋላችኋል። ጆሮው ላይ ሁለት ድርብ ስፌት አስደርጉ፣ ታችኛውን ጥግም አስጠፍሩት። መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ በር እጀታው ላይ ስቀሉት፤ ስትወጡ እጃችሁ ይነካዋል።